እባቡ ቆዳውን መጣል ሲያቅተው

(በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ለወላጆችና ለልጆቻቸው በተዘጋጀ የቤት እንስሳት አያያዝ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ከጥቂት የቃላት እርማት በቀር እንደተነገረ ቀርቧል።)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከፊት ረድፍ የተቀመጣችሁ ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ? የዕረፍት ቀናችሁን ሰውታችሁ ስለመጣችሁ፣ አዘጋጆቹም ይህን ርእስ ሳትንቁ ቦታ ስለሰጣችሁት ከልብ አመሰግናለሁ።

ከእኔ በፊት የተናገሩት ባልደረባዬ ስለ ድመት ሲያወሩ አዳራሹ በፈገግታ ተሞልቶ ነበር፤ የእኔ ተራ ደርሶ የእባብ ስም ሲጠራ ግን የብዙዎቻችሁ ፊት ሲለወጥ አይቻለሁ። አልፈርድባችሁም። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እየተባልን ባደግንበት አገር እባብ እረኛ የሚነድፍ፣ ከክምር ሥር የሚያደባ ጠላት ነው፤ ፍርሃቱም ከእውነተኛ ጉዳት የመጣ ነው። ዛሬ የምናገረው ግን መርዝ ስለሌለው፣ በሰው ቤት ስለተገዛና በመጨረሻም በሰው እጅ ስለተጣለ እባብ ነው። ከልጆቻችን መካከል እንዲህ ያለውን እባብ ከመጠለያ ተቀብለው የሚያሳድጉ አሉ። ወደምሠራበት የእንስሳት ክሊኒክ ይዘውት ሲመጡ የሚያሰሙት አቤቱታ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ ቆዳው አልወልቅ አለ።

ታዲያ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ ጤነኛ እባብ ቆዳውን እንዴት እንደሚጥል፣ ቀጥሎ ለምን እንደሚያቅተው፣ በሦስተኛ ደረጃ ደግሞ በቤታችን ልናደርገው የሚገባንንና ለሐኪም ልንተወው የሚገባንን እናገራለሁ። ከወዲሁ ግን የማምንበትን ላስቀድም። ያልወለቀ ቆዳ እባቡ የኖረበት ቤት ምን እንደጎደለው የሚናገር ምስክር ነው። ምስክሩን ቀዶ መጣል ጉድለቱን አይሞላም። ይህን በዛሬው ንግግሬ ደጋግሜ ብናገር እንዳትሰለቹኝ እለምናችኋለሁ።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። በየቤቱ በብዛት የሚያድገው እባብ ቦል ፓይተን የሚባለው ነው። የትውልድ አገሩ ከሴኔጋል ጀምሮ እስከ ኡጋንዳ የተዘረጋው የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ሣራማ ምድር ሲሆን፣ ከጋና፣ ከቶጎና ከቤኒን በብዛት ወደ ውጭ ይላካል። ሲያድግ ከአንድ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል፤ ሲፈራ ራሱን በመሐል አድርጎ እንደ ኳስ ይጠቀለላል፤ ስሙንም ያገኘው ከዚሁ ነው። በደኅና ከተያዘ ሃያ፣ ሠላሳ ዓመት ይኖራል። በሴንት ሉዊስ የእንስሳት ማቆያ በ1961 የገባች አንዲት ቦል ፓይተን በ2020 እንቁላል ጥላ ዓለምን አስደንቃለች፤ ያን ጊዜ ዕድሜዋ ከስድሳ በላይ እንደሆነ ተገምቷል። ወላጆች ሆይ፣ ይህን ልብ በሉ። ልጃችሁ ዛሬ የሚለምናችሁ እባብ ልጃችሁ አግብቶ ወልዶ ሳለ በሕይወት ሊኖር ይችላል።

አሁን አንድ ነገር አሳያችኋለሁ። ይህ በእጄ ያለው አንድ ጤነኛ ቦል ፓይተን የጣለው ቆዳ ነው። እባካችሁ ከፊት ረድፍ ጀምራችሁ ተቀባበሉት፤ ደረቅና ንጹሕ ነው፣ እጃችሁን ግን ሲያበቃ ትታጠባላችሁ። ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋችሁ እዩት። በጀርባው በኩል ቅርፊቶቹ ጥቃቅን ናቸው፤ በሆዱ በኩል ከዳር እስከ ዳር የሚደርሱ ሰፋፊ ሰሌዳዎች ተደርድረዋል። ራሱ ጋ ስትደርሱ ደግሞ ሁለት ክብ፣ መስታወት የመሰሉ ነገሮች ታያላችሁ። አገኛችኋቸው? እነዚህ የዓይኑ ሽፋኖች ናቸው። እባብ የሚከደን የዓይን ቆብ የለውም፤ ዓይኑን የሚጠብቀው ብርሃን የሚያሳልፍ አንድ ቅርፊት ነው፤ ያም ቅርፊት ከቀረው ቆዳ ጋር አብሮ ይወልቃል። የጅራቱንም ጫፍ ተመልከቱ፤ እስከ መጨረሻዋ ሹል ድረስ ሙሉ ነው። ሁለቱ የዓይን ሽፋኖችና የጅራቱ ጫፍ ከተገኙ፣ ቆዳውም አንድ ወጥ ሆኖ ከወጣ፣ እባቡ ደኅና ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ የተጣለ ቆዳ ሳይመረመር አይጣልም። ልጆች፣ ሰምታችኋል? ሳይመረመር አይጣልም።

የእባብ ቆዳ የላይኛው ክፍል ጥፍራችን በተሠራበት በኬራቲን የተገነባ ነው፤ ከሰውነቱ ጋር አብሮ ሊያድግ አይችልም። ስለዚህ ከሥሩ አዲስ ንጣፍ ይሠራል፤ በአሮጌውና በአዲሱ መካከልም ቀጭን ፈሳሽ ይገባና ሁለቱን ያላቅቃቸዋል። በዚህ ጊዜ የእባቡ ቀለም ይደበዝዛል፣ ሆዱ ሐምራዊ ይመስላል፣ ዓይኑ ወተት የተቀላቀለበት ሰማያዊ ይሆናል። አጥርቶ ስለማያይ ይደነግጣል፣ ይደበቃል፣ ብዙውን ጊዜም ምግብ አይቀበልም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ዓይኑ መልሶ ይጠራል፤ ከዚያም አፍንጫውን ሻካራ ነገር ላይ ያሻሽና ቆዳው ከከንፈሩ ጀምሮ እንደሚገለበጥ ካልሲ ወደ ኋላ እየተገለበጠ ይወጣል። ሁሉም ነገር ከተጀመረ እስኪፈጸም አንድ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። በፍጥነት የሚያድግ ጫጩት በየወሩ ገደማ ይቀይራል፤ ጎልማሳው ግን በየጥቂት ወሩ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ጥንት ወደ ግእዝ የተተረጎመው፣ ስለ እንስሳት ባሕርይ የሚያስተምረው ፊሳልጎስ የተባለ መጽሐፍ እባብ ሲያረጅ ዓይኑ እንደሚፈዝ፣ ቆዳው እስኪላላ አርባ ቀን እንደሚጾም፣ ከዚያም ጠባብ የድንጋይ ስንጥቅ ፈልጎ በዚያ እየተሽሎከለከለ አሮጌውን ልብሱን እንደሚያወልቅ ይናገራል። መምህራን ይህን ይዘው ስለ ንስሐና ስለ ጠባቧ በር ሲያስተምሩ ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። እኔ በልጅነቴ የሰማሁት በደብረ ብርሃን አካባቢ ከአያቴ ጋር ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ነው። ያኔ ተረት መስሎኝ ነበር፤ ሙያውን ከተማርኩ በኋላ ግን ያ የጥንት ተመልካች ምን ያህል አጥብቆ እንዳየ ተገነዘብኩ። የዓይኑ መፍዘዝ እውነት ነው። አለመብላቱ እውነት ነው። ጠባብና ሻካራ ነገር መፈለጉም እውነት ነው። ቆዳውን የሚቀይረው ስላረጀ አለመሆኑንና የጾሙን ርዝመት ብቻ ነው ማረም የሚያስፈልገው።

ሁለተኛው ነጥብ ሰፊ ነው፤ ጊዜያችሁን ስጡኝ። እባብ ቆዳው ለምን ይያዝበታል?

ከምክንያቶቹ ሁሉ ዋነኛው የአየር መድረቅ ነው። ቦል ፓይተን በተፈጥሮው ቀኑን የሚያሳልፈው አይጥ በቆፈረው ጉድጓድ ወይም በተተወ የምስጥ ኩይሳ ውስጥ ነው። ላዩ ሣር በፀሐይ ሲነድድ ያ ጉድጓድ እርጥበቱን ይዞ ይቆያል። እኛ ደግሞ ምን እናደርጋለን? ክዳኑ ወንፊት በሆነ የመስታወት ሣጥን ውስጥ እናስገባውና ከላዩ አምፖል እናበራበታለን። ከኅዳር እስከ መጋቢት የቤታችን ማሞቂያ ቀንና ሌሊት ይሠራል። የእኛ ከንፈር በሚሰነጠቅበት፣ ሌሊት ጉሮሯችን ደርቆ በምንነቃበት አየር ውስጥ ያ እባብ እንዴት ብሎ ቆዳውን ይጣል? በአሮጌውና በአዲሱ ቆዳ መካከል መግባት የነበረበት ፈሳሽ ይጎድላል፤ አሮጌው ደርቆ ይጣበቃል፤ ቢወልቅም ብጥስጣሽ ሆኖ ነው።

አሁን ስለ ቡሬ ልንገራችሁ። አንድ ክረምት ላይ ተከራይ ለቅቆ በሄደበት አፓርትማ ውስጥ አንድ እባብ በሣጥኑ እንዳለ ተትቶ ተገኘና ወደ ክሊኒካችን መጣ። በነጭ ፎጣ ላይ ስናስቀምጠው ቀለሙ ምን እንደሆነ መለየት አልተቻለም። ከአንገቱ እስከ ወገቡ አመድማ የሆነ አሮጌ ቆዳ በላይ በላይ ተደራርቦ ነበር፤ በጣት ሲነካ ይንኮሻኮሻል። የግራ ዓይኑ ሽፋን ተጨማድዷል። የጅራቱ ጫፍ ላይ ደረቅ ቆዳ ቀለበት ሠርቶ አጥብቆ ስለያዘው ከቀለበቱ በታች ያለው ሥጋ ጠቁሯል። ጎኑን ስንጫነው የተሸበሸበው ቆዳ ወደ ቦታው ቶሎ አልተመለሰም፤ ይህም ውሃ እንደጠማው ያሳያል። ጥቂት ከቆየን በኋላ ደግሞ ፎጣው ላይ ጥቁር ነጠብጣቦች ታዩ፤ ነጠብጣቦቹም መንቀሳቀስ ጀመሩ።

ይህ ሁለተኛው ምክንያት ነው፦ ቅንቅን። የእባብ ደም የምትመጥጥ፣ አንድ ሚሊሜትር ገደማ የምታክል ተባይ ናት። በዓይኑ ዙሪያና በአገጩ ሥር በቅርፊቶች መካከል ትወሸቃለች። እባባችሁ የውሃ ሳህኑ ውስጥ ተጠቅልሎ አልወጣም ካለ፣ በሳህኑም ሥር ቁንዶ በርበሬ የመሰለ ጥቁር ዝቃጭ ካያችሁ፣ ቅንቅን ጠርጥሩ። ደሙን መጥጣ ታዳክመዋለች፣ ቆዳውን ታቆስላለች፣ በሽታም ታስተላልፋለች። እንቁላሏን የምትጥለው እባቡ ላይ ሳይሆን በሣጥኑ ስንጥቆችና በጨለማ ጥግ ነው። ስለዚህ እባቡን ብቻ ያከመ ሰው ግማሽ ሥራ ነው የሠራው፤ ሣጥኑ ተጠራርጎ ካልታጠበ፣ ሰጋቱራውና የእንጨት መደበቂያው ካልተጣለ፣ ተባዩ በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ መልሶ ይበዛል። አዲስ የመጣ እባብ ከሌሎች ተለይቶ በሌላ ክፍል፣ በነጭ ወረቀት ላይ፣ ከአንድ እስከ ሦስት ወር መቆየት ያለበትም ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ቃጠሎ ነው። የቡሬ ሆድ ላይ ሁለት እጅ የሚሸፍን ቀይ ጠባሳ ነበረ። እባብ ሆዱ እየተቃጠለም ከሚያቃጥለው ነገር ላይ ላይነሳ እንደሚችል ብዙ ሰው አያውቅም። መቆጣጠሪያ የሌለው የማሞቂያ ምንጣፍ፣ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ድንጋይ፣ ሊጠመጠምበት የሚችል አምፖል፣ እነዚህ ሁሉ አደገኞች ናቸው። በጠባሳ ላይ ያለ ቆዳ ደግሞ ዕድሜ ልኩን በችግር ይወልቃል። ማሞቂያ ያለ ቴርሞስታት፣ ማለትም ሙቀቱን ከሚቆጣጠር መሣሪያ ውጭ፣ አይገዛ፤ ደግሜ እላለሁ፣ ያለ ቴርሞስታት አይገዛ።

አራተኛው የመጀመሪያው ተቃራኒ ነው። እርጥበት ያስፈልገዋል ሲባል የሰማ ሰው ወለሉን ውሃ በውሃ ያደርገዋል። በቆሻሻና በረጠበ ንጣፍ ላይ ቀን ከሌት የተኛ እባብ የሆዱ ቅርፊቶች መጀመሪያ ይቀላሉ፣ ከዚያ ውሃ ይቋጥራሉ፣ ቡናማ ሆነው ይቆስላሉ፣ ባክቴሪያም ይገባባቸዋል። ቁስሉ ወደ ደም ከዘለቀ እባቡን ይገድለዋል። እርጥብ አየርና እርጥብ ወለል አንድ አይደሉም። አየሩ ይርጠብ፣ የሚተኛበት ይድረቅ።

የቀሩትን በአጭሩ ላንሳቸው። ረኃብ፣ የቆየ ቁስል፣ ቆዳ ሊቀይር ሲል አብዝቶ መነካካት፣ የሚሻሽበት ሻካራ ነገር ማጣት፣ እነዚህም ያግዳሉ። የዝግባና የጥድ ሰጋቱራ የሚያወጣው ጠረን ቆዳውንና ሳንባውን ስለሚጎዳ አይነጠፍለት። ኦፊዲዮማይሲስ የሚባል የፈንገስ ሕመምም አለ፤ በምሥራቃዊ አሜሪካ ጫካዎች፣ ጎረቤታችን ቨርጂንያ ውስጥ ጭምር፣ የዱር እባቦችን ፊትና ቆዳ የሚያቆስል ነው። ስለዚህ ልጆች ከጫካ ያገኛችሁትን እባብ አንስታችሁ ወደ ቤት አታምጡ።

ሦስተኛው ነጥብ፣ እጃችን ምን ይሥራ፣ ከምንስ ይታቀብ?

የመጀመሪያው ሥራ መለካት ነው። የእርጥበት መለኪያ ትንሽ ዕቃ ናት፤ ዋጋዋም የአንድ ምሳ አይሞላም። ለቦል ፓይተን እርጥበቱ ከ50 እስከ 60 በመቶ፣ ቆዳ ሊቀይር ሲል ደግሞ እስከ 70 በመቶ ይሁን። ሙቀቱ በአንዱ ጥግ ከ31 እስከ 33 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በሌላው ጥግ ከ25 እስከ 27 ይሁንለት፤ ሲሻው ይሞቃል፣ ሲሻው ይቀዘቅዛል። የወንፊት ክዳኑን ከፊሉን ሸፍኑት፣ የውሃ ሳህኑን ሰፋ አድርጉት። በዚያ ላይ ተጠቅልሎ የሚገባበት ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ በአንድ ጎኑ ቀዳዳ አበጁለትና በደንብ ተጨምቆ የረጠበ ስፋግነም ሞስ የሚባል እርጥበት የሚይዝ ተክል ወይም ወፍራም ወረቀት ከውስጡ አድርጉ። የዱር ዘመዶቹ ጉድጓድ ማለት ይህ ነው። ብዙ እባብ ከዚህ ሌላ መድኃኒት አያስፈልገውም።

ቆዳው ቀድሞ ከተያዘስ? ለብ ያለ ውሃ፣ ወደ 29 ዲግሪ ገደማ፣ የሰውነቱን ግማሽ ብቻ የሚሸፍን፤ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ሃያ፣ ሠላሳ ደቂቃ ይቆይ፤ አጠገቡም ሰው ይኑር። ከዚያ በረጠበ ፎጣ መካከል በራሱ ፈቃድ እንዲሳብ ማድረግ ነው፤ ፎጣውን ላላ አድርጋችሁ ያዙ፣ እርሱ ይሂድ፣ የላላው ቆዳ ፎጣው ላይ ይቀራል። ያልላላው ይቆይ። ነገ ይደገማል። ከሥሩ ያለው አዲስ ቆዳ ገና ስስ ነው፤ በጉልበት የሚስብ ሰው አዲሱን ጭምር ይገሽልጠዋል። ቡሬ ላይ የተደራረበው ቆዳ እንዲሁ ቀስ በቀስ ነው የለቀቀው፤ ከሥሩም ጥቁርና ወርቃማ ቡራቡሬ ሲወጣ ስሙን አገኘ። ዛሬ የሚኖረው እኔ ቤት ነው።

ዓይኑን በሚመለከት ልመናዬን ስሙኝ። በወረንጦ አትንኩት። በጥፍር አትንኩት። በፕላስተር ለጥፋችሁ አትሳቡት። የቀረው ሽፋን ከእውነተኛው የዓይን ቅርፊት ጋር ተጣብቆ ነው ያለው፤ ስትስቡ ሁለቱም አብረው ከተነሡ ዓይኑ ይጠፋል። የክሊኒካችን ሐኪም የቡሬን ዓይን ሲያዩ ምንም አላወለቁም፤ እርጥበቱ ተስተካክሎ የሚቀጥለውን ቅየራ እንድንጠብቅ አዘዙ። በሚቀጥለው ቅየራ ከአሮጌው ቆዳ ጋር በአንዱ ፈንታ ሁለት ሽፋን ተደራርቦ ወጣ፤ ዓይኑም ጠራ። የጅራቱ ጫፍ ግን አልዳነም፤ ደም ተቋርጦበት ስለቆየ ሐኪሙ ቆርጠው አስወገዱት። ዓይን ትዕግሥት ይሻል፤ የጅራት ቀለበት ግን አይታገሥም። ነክራችሁ ካልለቀቀ በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ይቅረብ።

አንዲት እናት ቅድም በር ላይ «ቅቤ ብንቀባውስ?» ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄዎ መልካም ነው፣ እማማ፤ ለደረቀ ፀጉርና ቆዳ ቅቤ የለመድነው ነገር ነው። ለእባብ ግን አይሆንም። ቅቤም ቫዝሊንም የምግብ ዘይትም ቢሆን በቅርፊቶቹ መካከል ቆሻሻ ይሰበስባል፣ የጎደለውን ውሃም አይተካም። የውሻ ቁንጫ መግደያም አይረጭበት፤ በውስጡ ያለው ኬሚካል ሊመርዘው ይችላል። የቅንቅን መድኃኒት በሐኪም ልክና ትእዛዝ ብቻ ይሰጥ።

ስለ ቤተሰባችሁም አንድ ቃል አለኝ። ጤነኛ የሚመስል እባብ በአንጀቱ ሳልሞኔላ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ከነካችሁት በኋላ በሳሙና ታጠቡ፤ የነከራችሁበትን ዕቃ ምግብ በሚዘጋጅበት መታጠቢያ ውስጥ አታጽዱ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት፣ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው አረጋውያንና የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎች ባሉበት ቤት ተሳቢ እንስሳ እንዳይያዝ ይመክራል። ከአገር ቤት እናታችሁ ሊጠይቋችሁ ሲመጡ ወይም ጨቅላ ሲወለድ ይህን አስቡበት፤ ጊዜያዊ ማቆያ ቤት አስቀድማችሁ አፈላልጉ።

ሁሉም የእንስሳት ሐኪም እባብ አያክምም፤ ስትደውሉ ተሳቢ እንስሳ ያያሉ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ቁስል፣ የሚሸት ሆድ፣ ከአፉ የሚወጣ አረፋ ወይም የተከፈተ አፍ ካያችሁ ቀጠሮ እስኪደርስ አትጠብቁ። ስትሄዱም የሣጥኑን ፎቶ፣ የሙቀቱንና የእርጥበቱን ልክ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የበላበትንና የቀየረበትን ቀን፣ የጣለውንም ቆዳ በላስቲክ አድርጋችሁ ያዙ። ሐኪሙ ከእባቡ አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ ቤቱ ነውና።

በግራ በኩል ባለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ዓይነት የእርጥበት መለኪያና ቀዳዳ የተበጀለት የፕላስቲክ መደበቂያ አስቀምጫለሁ፤ ልጆች እየነካችሁ እዩት። እየተቀባበላችሁት ያለው ቆዳም መጨረሻ ላይ ወደዚያው ይመለስልኝ፤ የእጅ መታጠቢያው ከአዳራሹ በር በስተቀኝ ነው። ስላዳመጣችሁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።